የቁምስናው መዝገብና የቁምስናው ግንብ

በየዓመቱ አዲስ ሠልጣኞች ስንመዘግብ፣ የትውልድ ቀን ከሚለው መስመር ሲደርሱ ብዙዎቹ እርሳሳቸውን ያቆማሉ። ጥቂት አስበው መስከረም 1 ብለው የሚሞሉም አሉ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር ለተወለደ ክርስቲያን ዕድሜውን የሚመሰክርለት ጽሑፍ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የጥምቀት መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገብና መዝገቡን ስለሚያኖረው ቤት ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ለምሳሌ አሊቴናን እንውሰድ። አሊቴና በሰሜን ምሥራቅ ትግራይ በኢሮብ ተራሮች መካከል የሚገኝ የካቶሊካውያን ቀበሌ ነው። ሕዝቡ ሳሆ ተናጋሪ ሲሆን፣ ሸለቆውን በድንጋይ ካብ እየገደበ ጎርፍ ያመጣውን አፈር በማስቀረት እርሻ የማውጣት ብልሃት አለው። የካቶሊክ እምነት የገባው በአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም በኢጣሊያዊው ሚስዮናዊ በዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ዘመን ነው። እርሳቸው በ1839 እ.ኤ.አ. መጥተው፣ የአገሩን ቋንቋና ሥርዓት አክብረው ሲሠሩ ኖረው፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ዐረፉ፤ መቃብራቸውም ኤርትራ ውስጥ በሄቦ ይገኛል። በ1975 እ.ኤ.አ. ቅድስናቸው ታውጇል።

በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ በየቁምስናው የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲኖር፣ የቀድሞዎቹም በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ያዛል። አንድ ሰው ሲያገባ ይኸው ከጥምቀቱ መስመር አጠገብ ይጻፋል። ስለዚህ በአንዲት መስመር ላይ የልጅነቱም የጎልማሳነቱም ነገር ይገናኛል። ለታሪክ መምህር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምንጭ ከወዴት ይገኛል?

ሆኖም መዝገብ ጠላቱ ብዙ ነው። ምስጥ አለ፣ አይጥ አለ፣ እርጥበት አለ። ከሁሉም የከፋው ጦርነት ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት፣ ኋላም በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት ብዙ የኢሮብ ሰው ቀዬውን ለቆ ተሰዷል። ሰው ሲሸሽ ልጁንና ስንቁን ይይዛል፤ ያን ከባድ መዝገብ ማን ይሸከመዋል?

ሌላው ጠላት፣ ነገሩ ቢያስገርምም፣ እድሳት ነው። ቤት ሲታደስ ዕቃ ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ የወጣው ወረቀትም ሳይመለስ ይቀራል። በበሩ ጉበን ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት ቢኖር በልስን ይሸፈናል። ልስኑ ራሱም መዘዝ አለው። በዚያ አገር የድሮ ግንብ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በድንጋይና በጭቃ ነው፤ ጭቃው እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያደርቃል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ጭቃው ይላላል፣ ልስኑ ይነፋል፣ በመጨረሻም ከነድንጋዩ ይወድቃል። የኖራ ልስን ግን እርጥበቱን ስለሚያስወጣ ለእንዲህ ያለው ግንብ ይስማማዋል። የአፈሩ ጣራ በቆርቆሮ ሲለወጥ ደግሞ አሸንዳ ካልተበጀለት ውሃው መሠረቱን ይቦረቡራል። ቆርቆሮ አይግባ ማለታችን አይደለም፤ የአፈር ጣራ በየዓመቱ ጠጋኝ እንደሚሻ እናውቃለን፤ ምሰሶ የሚሆን እንጨትም እንደ ልብ አይገኝም።

እንግዲህ ድንጋይ ከመነቀሉ በፊት መዝገቡ ይቀድማል። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ቅጂውም በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በአዲግራት ሀገረ ስብከት ይቀመጥ። መዝገቡ የሰውን ምስጢር ስለሚይዝ ተማሪ አይገልብጠው፤ ይህ የቆሞሱ ሥራ ነው። ለተማሪዎች ግን ሌላ ሥራ ሞልቷል። በሜትር ለክተው የግንቡን ንድፍ ያንሡ፣ ጽሑፍ ያለበትን ድንጋይ ይቅዱ፣ ማን እንዳናጸው፣ ድንጋዩስ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎችን በሳሆ ጠይቀው በቃላቸው ይጻፉ። ሽማግሌው የነገሩን ዘመን «ከአንበጣው ዓመት በኋላ» ብለው ቢሉ እንዳለ ይጻፍ፤ ዓመተ ምሕረቱን በኋላ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ይቻላል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእድሳቱ ጊዜ በማን እጅ እንደሚቆይም አስቀድሞ ስም ተጠቅሶ ይወሰን።