ለስክሪን አንድ፣ ለወረቀት ሌላ

ኦርግ ሞድን ብዙ ሰው የሚያውቀው የሥራ ዝርዝር መያዣ አድርጎ ነው። አልተሳሳቱም፤ ሆላንድ የሚሠራው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ሲጀምረው ማስታወሻና ዕቅዱን ሊይዝበት ነበር። ኮከብ ያለበት መስመር ርእስ ይሆናል፣ ሰረዝ ያለበት ዝርዝር ይሆናል፣ ሲያልቅ ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ኤክስፖርት ይደረጋል። ይህን ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል። እኔን የያዘኝ ሥዕል የሚያወጣበት መንገድ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያነሣልኝ ሰው ብዙም አይገጥመኝም።

ኦርግ ጽሑፍ ውስጥ ሥዕል መለጠፍ ይቻላል፤ የሚሻለው ግን ሥዕሉን የሚሥለውን ትእዛዝ እዚያው መጻፍ ነው። የታጠበ ቡና አዘገጃጀትን ላሳይ ብል በዶት ቋንቋ የምጽፈው ይህን ነው፦

እሸት -> መፈልፈል -> ማብላላት -> ማጠብ -> ማድረቅ

ዙሪያውን ቅንፍና አንድ የመክፈቻ ቃል አለ፤ በቃ። ክቦቹ የት እንደሚቀመጡ፣ ቀስቱ በየት እንደሚዞር የሚወስነው ግራፍቪዝ የሚባለው ፕሮግራም ነው። አርታኢዬ «ከማጠብ በኋላ መዝፈቅ የለም እንዴ?» ቢለኝ አንድ ቃል ጣል አደርጋለሁ እንጂ ንድፉን እንደገና አልሥልም።

ችግሩ የሚመጣው ኤክስፖርት ሲደረግ ነው። ለድረ ገጽ የሚመቸው ኤስቪጂ የሚባለው የሥዕል ዓይነት ነው፤ ፒዲኤፉን የሚያዘጋጀው ላቴክ ግን ኤስቪጂን እንዳለ አይቀበልም፣ ፒዲኤፍ ስጡኝ ይላል። ፒዲኤፍን ደግሞ አብዛኛው ብራውዘር በገጽ መሀል እንደ ሥዕል አያሳይም። ሰነፉ መፍትሔ «ፒኤንጂ ለሁሉም ይሆናል» ነው። ስክሪን ላይ ይሆናል። 600 ፒክስል ስፋት ያለው ሥዕል ወረቀት ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ሲለጠጥ ግን ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 100 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው፤ ማተሚያ ቤት የሚፈልገው 300 ነው። የሣልስና የኃምስ ቅጥያ የሚለይባት ትንሽ ጭረት መጀመሪያ የምትጠፋው እዚህ ላይ ነው። ንድፍ በጄፔግ የሚልኩልኝ ሰዎችማ አሉ። ጄፔግ ለፎቶ የተሠራ ነው፤ ሥዕሉን ስምንት በስምንት ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ ጥቁር ፊደል ነጭ ላይ ሲቀመጥ ዙሪያው ይቆሽሻል። እባካችሁ ተዉት።

የኦርግ መፍትሔ ቀላል ነው። ከትእዛዙ በላይ ባለው መስመር የሚወጣው ፋይል ስም ይጻፋል። በስሙ ቦታ ቅንፍ ከተከፈተ ግን ኦርግ የሊስፕ (የኢማክስ ቋንቋ) ትእዛዝ መሆኑን ያውቅና ያሰላዋል። ስለዚህ «ወደ ላቴክ እየሄድን ከሆነ ስሙ በፒዲኤፍ ይለቅ፣ ወደ ኤችቲኤምኤል ከሆነ በኤስቪጂ» ማለት ይቻላል። ኦርግ የስሙን መጨረሻ አይቶ ለግራፍቪዝ ያንኑ ዓይነት ሥዕል እንዲያወጣ ይነግረዋል። ጽሑፉ አንድ፣ ንድፉ አንድ፣ የሚወጣው ግን እንደ መድረሻው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። «ኤስቪጂ የትም አንድ ዓይነት ነው» የሚሉ ሰዎች ፊደላቸው ላቲን ስለሆነ ነው እንዲህ የሚዝናኑት። የወጣውን ኤስቪጂ በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱት፤ «ማጠብ» የሚለው ቃል ቁልጭ ብሎ፣ እንደ ጽሑፍ፣ ከአቀማመጡ ቁጥርና ከፎንቱ ስም ጋር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስሙ ብቻ! ፎንቱ ራሱ ውስጡ የለም። ግራፍቪዝ የክቡን ስፋት የለካው በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ባለው ፎንት ነው። አንባቢው ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማን፣ ማክ ላይ ከፋን፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ኖቶን ይዞ ሲከፍተው የቃሉ ስፋት ይለያያል፤ «መፈልፈል» ከክቡ ወጥቶ ቀስቱ ላይ ይተኛል። የግዕዝ ፎንት የሌለው ማሽን ላይ ከሆነ ደግሞ የሚታየው ባዶ ሣጥን ነው። በዚህ መልክ የወጣ ዘገባ ደርሶኝ ያውቃል፤ ላኪው ማሽን ላይ እንከን አልነበረበትም።

ፒዲኤፉ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ግራፍቪዝ ካይሮ በሚባለው ላይብረሪ ሲያወጣው ያስፈለጉትን ፊደላት አብሮ ይከታቸዋል። ለኤስቪጂም ይኸው ካይሮ መንገድ አለው፦ ዓይነቱን «ኤስቪጂ» ከማለት «ኤስቪጂ፣ በካይሮ» ብሎ ማዘዝ። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል ወደ መስመር ሥዕል ይለወጣል፤ የትም ቢከፈት አይነቃነቅም። ዋጋው ቀላል አይደለም፦ «ማጠብ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም፣ ኮፒ አይደረግም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራምም ያልፈዋል። እኔ ለተሰብሳቢ ለሚታይ ንድፍ ካይሮን፣ ሰው ለሚፈልግበት ሰነድ ተራውን ኤስቪጂ እመርጣለሁ፤ ተራውን ስመርጥ ግን የፎንቱን ስም ለይቼ እጽፋለሁ፣ ድረ ገጹም ያንን ፎንት ይዞ እንዲጭን አደርጋለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ካይሮን ለማዘዝ በራሳችሁ የጻፋችሁት ትእዛዝ ኦርግ ከፋይሉ ስም ያወጣውን ይሽረዋል። ስሙን እንደ መድረሻው አድርጋችሁ ትእዛዙን ካልለያያችሁ፣ ላቴክ ስሙ ፒዲኤፍ የሆነ፣ ሆዱ ግን ኤስቪጂ የሆነ ፋይል ይደርሰውና ይጮኻል። ሁለቱም መለያየት አለባቸው።

የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል ለሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ፒኤንጂ ይሂድ፤ ግን ግራፍቪዝ ዝም ከተባለ በ96 ነጥብ ነውና 300 እንዲሆን እዘዙት። ትእዛዙን ንድፉ ውስጥ አትጻፉት፤ እዚያ ከገባ የኤስቪጂውንም መጠን ይነካዋል። የፒኤንጂው ትእዛዝ ላይ ብቻ ይሁን።