የምንወለውለው እምነ በረድ ከየት መጣ?

ባለፈው ጉባኤያችን አንዲት እህታችን የደረሰባትን አጫውታን ነበር። የወጥ ቤቱን እምነ በረድ፣ ማዳሞቹ ሩኻም የሚሉትን፣ አበራለሁ ብላ በሎሚ ስትወለውለው ደብዛዛ ነጠብጣብ ቀረበት። ማዳሟም «አበላሸሽው» ብላ ከደመወዟ ቆረጠች። እህታችን «ሎሚ እንዴት ድንጋይ ይበላል?» አለችን። መልሱ ያለው ድንጋዩ በተፈጠረበት መንገድ ላይ ነው።

ጂኦሎጂስቶች አለትን በዋናነት የሚከፍሉት በቀለሙ ሳይሆን በአፈጣጠሩ ነው። ሦስት ወገን አለው።

አንደኛ፣ እሳት ወለድ አለት። ምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የሚገኝ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ቶሎ ከቀዘቀዘ ቅንጣቱ በዓይን አይለይም፤ አገር ቤት ለመሠረት የምናውቀው ጥቁር ድንጋይ እንዲህ ነው። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናትም የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከመጣ አለት ነው። እዚያው ጥልቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን ቅንጣቱ ጎላ ይላል፤ ግራናይት ከዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ደለል ወለድ አለት። ውኃና ነፋስ ያመጡት አሸዋና ጭቃ፣ ወይም የባሕር እንስሳት ቅርፊት፣ እየተከማቸና እየተጫነ ሲጠነክር ይፈጠራል። በትግራይ የገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተፈልፍለዋል። የኖራ ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው።

ሦስተኛ፣ ልውጥ አለት፣ በውጭ ስሙ ሜታሞርፊክ። ይህ በፊት ሌላ አለት የነበረ ነው። ወደ ምድር ውስጥ ስንወርድ በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ የላዩም ጫና ይከብዳል። እዚያ የተቀበረ፣ ወይም ቅልጥ ድንጋይ አጠገቡ የመጣበት አለት ይለወጣል። ልብ በሉ፣ አይቀልጥም! ከቀለጠማ ሲቀዘቅዝ እሳት ወለድ ሆነ ማለት ነው። ድንጋይ እንደሆነ ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች እንደ አዲስ ይደራጃሉ።

ልውጥ አለትም ሁለት ዓይነት ነው። ጫናው ቅንጣቶቹን ወደ አንድ አቅጣጫ ካስተኛቸው ባለ ንጣፍ ይሆናል። ለምሳሌ ጭቃ ድንጋይ መጀመሪያ ስሌት፣ ሙቀቱና ጫናው ሲበረታ ሺስት፣ ከዚያም ናይስ ይሆናል። ንጣፍ የማይታይበት ደግሞ አለ፤ የአሸዋ ድንጋይ ኳርትዛይት ሲሆን፣ የኖራ ድንጋይ ደግሞ እምነ በረድ ይሆናል። እምነ በረዱ ላይ የምናየው ጅማት የሚመስለው መስመር በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የነበረ ሸክላና ብረት ያመጣው ነው። በእኛም አገር በስተ ምዕራብ የዳለቲ እምነ በረድ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። እምነ በረድ መልኩ ቢለወጥም ንጥረ ነገሩ ያው የኖራ ድንጋዩ፣ ካልሳይት የሚባለው ነው። ካልሳይትን ደግሞ አሲድ ይበላዋል፤ ሎሚም አሲድ አለው። ግራናይት ግን ካልሳይት ስላልሆነ ሎሚ እንዲህ አይጎዳውም። ስለዚህ፦

• ነጠብጣብ ነጠብጣብ ቅንጣት የሚታይበት ብዙ ጊዜ ግራናይት ነው፤ ጅማት ያለው እምነ በረድ ሊሆን ይችላል። ካልለያችሁ እንደ እምነ በረድ ቁጠሩት።
• ሎሚ፣ አቼቶ (ኸል)፣ የውኃ ዝገት ማስለቀቂያና የሽንት ቤት አሲድ አታስነኩት። ለስላሳ ሳሙና፣ ውኃና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።
• ደብዛዛው ምልክት ቆሻሻ ሳይሆን የተበላ ድንጋይ ነው። ብትፈትጉት አይለቅም፤ የድንጋይ አስወልዋይ ባለሙያ ግን ሊመልሰው ይችላል። ይህን ለማዳም በትሕትና አስረዷት።

እሳትና ጫና ድንጋዩን ያጠነክሩታል እንጂ ማንነቱን አያጠፉትም። በስደት ያለን ሰዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው። ለሚቀጥለው ጉባኤ እያንዳንዳችን በምንሠራበት ቤት ያየነውን አንድ ድንጋይ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስበን እንምጣ።