ደሙን አሽከርክረው መልሰው ይወጉታል፤ ተጫዋቹ ግን ቶሎ ይመለሳል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2009 የፒትስበርግ ስቲለርሱ ሃይንስ ዋርድ ጉልበቱን ሲጎዳ ለሱፐር ቦል የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ይሄ እንግዲህ በእጅ ይዘው የሚሮጡት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ ጉዳቱ ግን እኛም በደንብ የምናውቀው የጉልበት ሊጋመንት ጉዳት ነው። ሐኪሞቹ ከክንዱ ደም ቀዱ፣ በማሽን አሽከረከሩት፣ ከውስጡ የለዩትን ፈሳሽ መልሰው ጉልበቱ ላይ ወጉት። ፌብሩዋሪ 1 ታምፓ ላይ ዋርድ ተሰልፎ ተጫወተ፤ ስቲለርስም አሪዞና ካርዲናልስን 27 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የቡድን ጓደኛው ትሮይ ፖላማሉም በዚያው ሰሞን ይህንኑ ሕክምና ወስዶ ነበር።

ወሬው ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! አንድ ኮከብ ታፋውን ይዞ ሜዳ ላይ በተቀመጠ ቁጥር «በቃ ደሙን አሽከርክረው ይወጉታል፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል» የሚል ደጋፊ አይጠፋም። እውነት ግን እንደዚያ ነው?

አሠራሩ

ሕክምናው ፒአርፒ ይባላል፤ በአርጊ ሕዋስ የበለፀገ ፕላዝማ ማለት ነው። አርጊ ሕዋስ ወይም ፕሌትሌት የሚባለው ስንቆረጥ ደማችን እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን የደም ክፍል ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ገደማ አለው። ሥራው ግን ደም ማቆም ብቻ አይደለም። ቁስል ቦታ ላይ ሲደርስ በሆዱ የያዛቸውን የዕድገት ፕሮቲኖች ይዘረግፋል፤ እነዚህ ፕሮቲኖች ጠጋኝ ሕዋሳትን ይጠራሉ፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉም ያነሳሳሉ። የሐኪሞቹ ሐሳብ ቀላል ነው። ጠጋኙ በተፈጥሮ የሚመጣ ከሆነ ለምን በብዛት ሰብስበን ራሳችን አናደርሰውም?

አዘገጃጀቱም ቢሆን ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከክንድ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል። እንዳይረጋ ሲትሬት ይጨመርበትና ሴንትሪፊውጅ የሚባለው ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ በፍጥነት ሲዞር ከባዱ ቀይ የደም ሕዋስ ከታች ይዘቅጣል፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ ነጭ የደም ሕዋስና አርጊ ሕዋስ የተከማቹበት ስስ ንጣፍ ይቀራል። በብዙ ቦታ ፕላዝማው ለሁለተኛ ጊዜ ጠንከር ባለ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ አርጊው ከሥር ይሰበሰብና የላይኛው ፕላዝማ ይቀነሳል። መጨረሻ ላይ ከዚያ ሁሉ ደም የሚገኘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ሐኪሙ አልትራሳውንድ እያየ የተጎዳው ቦታ ላይ ይወጋዋል። ሁሉም ነገር በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ደሙ የራሱ የበሽተኛው ስለሆነ ሰውነቱ «ባዕድ ነው» ብሎ አይቃወመውም። ንጽሕና ካልተጠበቀ ግን መርፌው ራሱ ኢንፌክሽን ይዞ ሊገባ ይችላል።

ከጥርስ ወደ ጉልበት

ነገሩ የተጀመረው ኳስ ሜዳ ላይ አይደለም። በ1990ዎቹ የጥርስና የመንጋጋ ሐኪሞች አጥንት ቶሎ እንዲጠግን ሲጠቀሙበት ነበር። ከእነሱ አንዱ በስፔን ባስክ ግዛት፣ በቪቶሪያ ከተማ የሚሠራው ኤድዋርዶ አኒቱዋ ነው። የዚያችው ከተማ የአጥንት ሐኪም ሚኬል ሳንቼስ ዘዴውን ወደ ስፖርት ጉዳት አመጣው። ሳንቼስና ባልደረቦቹ በ2003 ካሳተሟቸው ጽሑፎች አንዱ የጉልበቱ ልም አጥንት የተላቀቀበት አንድ ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋች የታከመበትን ታሪክ የሚዘግብ ነው። የቴኒሱ ራፋኤል ናዳልም ጉልበቱ ሲያስቸግረው ወደ ቪቶሪያ ሄዶ በዚሁ መንገድ ታክሟል።

የዶፒንግ ፖሊሶችም ዝም አላሉም። ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ዋዳ በ2010 ዝርዝሩ ፒአርፒን ጡንቻ ውስጥ መውጋት ከለከለ። ጅማት ወይም መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ደግሞ እንዲያሳውቅ አዘዘ። ዓመት ሳይቆይ በ2011 እገዳውን አነሳው፤ ከሕክምና አልፎ ብቃት እንደሚጨምር ማስረጃ አልተገኘም ነበር። ከደም ሳይሆን ለብቻቸው ተነጥረው የሚሰጡ የዕድገት ፕሮቲኖች ግን እንደተከለከሉ ቀሩ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ዋናው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። ዋርድ ድኗል፤ ግን ሳይወጋስ ቢቀር በሁለት ሳምንት አይመለስም ነበር? ይህን ለማወቅ ያልተወጋ ሌላ ዋርድ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው፦ ተጎጂዎችን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ፣ ግማሹን ፒአርፒ፣ ግማሹን ተራ የጨው ውሃ ይወጋሉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ለተጎጂው አይነገረውም።

በ2010 የሆላንድ ተመራማሪዎች የአኪለስ ጅማት ሕመም ያለባቸውን 54 ሰዎች በዚህ መንገድ አዩ። ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ በመካከላቸው ልዩነት አልታየም። ሁሉም ግን የጅማት ማጠናከሪያ ስፖርት እየሠሩ ነበር። በ2014 ደግሞ እዚያው ሆላንድ ሀምስትሪንግ የተጎዱ 80 ስፖርተኞች ተመረመሩ። ወደ ሜዳ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ሲታይ የመካከለኛው አሃዝ በፒአርፒ 42 ቀን፣ በጨው ውሃ ደግሞ ያው 42 ቀን ሆነ!

በዚያው 2014 ማሌዥያ ውስጥ በ28 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ፒአርፒ የወሰዱት በአማካይ በ26.7 ቀን፣ ያልወሰዱት በ42.5 ቀን ተመለሱ። ደስ ይላል፤ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ያልወሰዱትም የውሸት መርፌ አልተወጉም። መርፌ የተወጋ ሰው ደግሞ «ድኛለሁ» ብሎ ቶሎ ይነሳል። የኳታሩ አስፔታር ሆስፒታል በ2015 ባወጣው ጥናት 90 ፕሮፌሽናል ስፖርተኞችን ለሦስት ከፈለ። ፒአርፒ የወሰዱት በ21 ቀን፣ አርጊ ሕዋስ የሌለው ተራ ፕላዝማ የወሰዱት በ27፣ ምንም ያልተወጉት በ25 ቀን ተመለሱ። ባልተወጉትና በፒአርፒው መሀል ያለችው የአራት ቀን ልዩነት ተመራማሪዎቹን የምታሳምን አልሆነችም።

ውጤቱ ለምን እንዲህ ይለያያል? አንደኛ፣ «ፒአርፒ» የሚለው ስም አንድ ይሁን እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አንድ አይደለም። ማሽኑ፣ ፍጥነቱ፣ ደቂቃው፣ ነጭ የደም ሕዋስ መኖር አለመኖሩ ሁሉ ከቦታ ቦታ ይለያል። አንዱ ክሊኒክ የሚያወጣው አርጊ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የጅማት፣ የጡንቻና የልም አጥንት ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ላይ የሠራ ሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል።

ዘጠነኛው ደቂቃ

አቋራጭ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ወደ 2014 የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ እንመለስ። የአትሌቲኮ ማድሪዱ ዲዬጎ ኮስታ ሀምስትሪንጉን ተጎድቶ ለፍጻሜው ለመድረስ ቤልግሬድ ድረስ ሄደ። በወቅቱ እንደተዘገበው የታከመው በፈረስ እንግዴ ልጅ ፈሳሽ ነው። ይሄ ፒአርፒ አይደለም፤ የችኮላው ዓይነት ግን አንድ ነው። ሜይ 24 ሊዝበን ላይ በቋሚነት ገባ፣ በዘጠነኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወጣ። አትሌቲኮ አንድ ቅያሬውን ገና በጠዋቱ አቃጥሎ ቀረ። ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 በሪያል ማድሪድ አሸናፊነት ሲያልቅ ያ ቅያሬ ምን ያህል እንደጠቀመ ይታወሳል።

ጉዳቱ ደግሞ እየበዛ ነው። በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ላይ በተሠራው የዩኤፋ ጥናት በ2001/02 ከመቶ ጉዳት 12ቱ የሀምስትሪንግ ነበር፤ በ2021/22 ወደ 24 ደርሷል። መልሱን ግን ብዙ ሰው የሚፈልገው ከመርፌው ነው። መርፌው ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ ነጻ ነገር አለ። ተንበርክከህ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይይዝልሃል፣ ወገብህን ሳታጥፍ ቀስ እያልክ ወደ ፊት ትወድቃለህ። «ኖርዲክ» ይሉታል። በርካታ ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ የ2019 ትንታኔ ይህን የሚሠሩ ቡድኖች የሀምስትሪንግ ጉዳታቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። ማሽንም ሐኪምም አይጠይቅም፤ ሰፈር ሜዳ ላይም ይሠራል።

ፒአርፒ ውሸት ነው እያልን አይደለም። በአንዳንድ የጅማት ሕመም ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳይቷል፤ ምርምሩም ቀጥሏል። ግን በሚቀጥለው ጊዜ የምትወዱት አጥቂ ታፋውን ይዞ ሲቀመጥና «ሁለት ሳምንት» ሲባል፣ ከመደሰታችሁ በፊት አርባ ሁለቷን ቀን አስታውሱ። ሥጋ የሚጠግነው በራሱ ካላንደር እንጂ በሊጉ ፕሮግራም አይደለም።