4 ፊደል፣ 36 ምልክት

ስለ መተማ ጦርነት የተጻፈ መጣጥፍ በስልክዎ እያነበቡ ነው እንበል። «ገላባት» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከሥሩም ተሰምሮበት ያገኙታል። ነካ ሲያደርጉት ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ስላለችው የሱዳን ከተማ ወደሚያወራ ሌላ ገጽ ይወስድዎታል። መጣጥፉን ስለወደዱት በወረቀት አትመው ለአባትዎ ሰጧቸው። መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። «ገላባት» ጋ ሲደርሱ መስመሩ አለ፤ ሰማያዊው ግን በጥቁር ማተሚያ ግራጫ ሆኗል። «ይቺ ቃል ለብቻዋ ለምን ተሰመረባት?» ይላሉ። በጣታቸው ቢጫኗትም ወረቀት ወረቀት ነው።

ሊንክ፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚሉት ማስፈንጠሪያ፣ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፤ አንዱ «እዚህ ጋ ሌላ ነገር አለ» የሚል የሚታይ ምልክት፣ ሌላው ከጀርባው የተደበቀ አድራሻ። ወረቀት ምልክቱን ይወስድና አድራሻውን ጥሎት ይመጣል። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ገላባትን ያለምክንያት አልመረጥኩም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የቆሰሉበትን ውጊያ እኛ የመተማ ጦርነት እንለዋለን፤ በሌሎች መጻሕፍት ደግሞ የገላባት ጦርነት ተብሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 የእንግሊዙ አዛዥ ዊሊያም ስሊም የጣሊያንን ጦር የገጠመውም በእነዚሁ ሁለት ጎረቤታም ከተሞች ላይ ነው። አንዱን ስም ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ሌላውን የሚያገኘው አገናኝ ሲኖረው ነው።

አገናኙን በቀለም መለየት የኮምፒውተር ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንዱ የሰርን ማዕከል ስለ ዌብ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ሰማያዊ ሊንክን ብዙ ሕዝብ የለመደው ደግሞ በ1993 በወጣው ሞዛይክ በተባለ ብራውዘር ነው። ነገር ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት ከ1,100 በሚበልጡ ክፍሎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል በኅዳጉ ላይ ቁጥር ሰጠ። ከቁጥሩ ሥር ሌላ ቁጥር በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ይህ ቀይ ቁጥር ከመጽሐፉ ፊት ካሉት 10 ሰንጠረዦች ወደ የትኛው መሄድ እንዳለብዎ ይነግርዎታል። እዚያ ሄደው የክፍሉን ቁጥር ሲያገኙ፣ ያው ታሪክ በሌሎቹ ወንጌላት የት እንዳለ ጎን ለጎን ተጽፏል። ምልክቱም አድራሻውም ብራናው ላይ ነው፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት እነዚህን ሰንጠረዦች በዓምድና በቅስት አስጊጠው ይዘዋል። (በነገራችን ላይ በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚከበርበትም ነው። ሊንኩን ቀይ ላድርገው የሚል የመጽሔት አዘጋጅ ቆም ብሎ ቢያስብ አይከፋም።)

ለፊደላችን ደግሞ ማስመሩም የራሱ ጣጣ አለው። የላቲን ጽሕፈት ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ዘመም ያለ ፊደልም ስላለው ቃልን በብዙ መንገድ መለየት ይችላል። የእኛ አማራጭ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማስመር ይበዛል። ይሁንና ሣልስና ኃምስ የሚለዩት እግር ሥር ባለ ጭረትና ቀለበት ነው። መስመሩ ለፊደሉ እግር ከተጠጋ «በ» እና «ቢ»ን መለየት ዓይን ያደክማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መስመሩን ዝቅ ማድረግና ማቅጠን።

ከሁሉ የሚከፋው አድራሻው ነው። የድረ ገጽ ገጽታ በሚታዘዝበት በሲኤስኤስ ቋንቋ «ጽሑፉ ሲታተም ከእያንዳንዱ ሊንክ ጎን አድራሻውን በቅንፍ አውጣ» ማለት ይቻላል። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያስኬዳል። በአማርኛ ግን ጉድ ይፈላል። የድር አድራሻ በይፋዊ ቅርጹ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው የሚቀበለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ አሃድ) ይይዛል። አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በአንድ የፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁጥር ወይም የላቲን ፊደል ይተካል። ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ዘጠኝ። «ገላባት» 4 ፊደል ነበረች፤ 36 ምልክት ሆነች። «የመተማ ጦርነት» ከነማያያዣው 73 ይደርሳል። የአማርኛ ዊኪፔዲያን አድራሻ በቴሌግራም የላከ ሰው ይህን የፐርሰንት ሰልፍ ያውቀዋል።

ከወረቀት ላይ እያዩ ይጻፉት ቢባልስ? በ«ላ» ኮድ ውስጥ 8 ሦስት ጊዜ ትመጣና ወዲያው እሷኑ የምትመስለው ቢ የተባለችው የላቲን ፊደል ትከተላለች። አንዷ ብትሳሳት የትም አይደርሱም።

ስለዚህ ብልህ አዘጋጅ ጽሑፉን አንዴ ይጽፍና ሁለት ልብስ ያሰፋለታል። በዋናው ጽሑፍ ላይ «ይህ ሊንክ ነው» የሚለው ብቻ ይመዘገባል፤ መልኩ የሚወሰነው በሚወጣበት ቦታ ነው። ስክሪን ላይ ቀለምና መስመር። ወረቀት ላይ ቀለሙም መስመሩም ይወልቃል፤ ሰማያዊ በአንድ ቀለም ሕትመት ወደ ግራጫ ነጠብጣብ ተቀይሮ የፊደሉን ጠርዝ ስለሚያሻክር ወደ ጥቁር ይመለሳል። አገናኙ በዚያው እትም ውስጥ ከሆነ «ገጽ 12ን ይመልከቱ» ይላል። ውጭ ከሆነ የግርጌ ማስታወሻ ይሆናል፤ አድራሻውም መጽሔቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በላቲን ፊደልና በቁጥር ያዘጋጀው አጭር አድራሻ ነው። በሌላ ድርጅት ማሳጠሪያ ከተጠቀሙ ግን ድርጅቱ የተዘጋ ቀን ያሳተሙትን አድራሻ ሁሉ ይዞ ይሞታል።

ኪውአር ኮድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ የመኪና ዕቃ ለመከታተል የፈጠረው ነው፤ እንደ አሠራሩ እስከ 30 በመቶ ቢጎዳ እንኳ ሊነበብ ይችላል። ግን የሚሸከመው አድራሻ በረዘመ ቁጥር ነጠብጣቦቹ ይደቅቃሉ፤ ጥራት በሌለው ወረቀት ላይ የስልክ ካሜራ አይለያቸውም። የገላባትን 36 ምልክት ከማሸከም አጭሩን አድራሻ መስጠት ይሻላል፤ ካሜራ ለሌለው ሰውም አድራሻው ከሥሩ በጽሑፍ ይቀመጥ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ኢንተርኔት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ቀን በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ስልኩን የከፈተ አንባቢ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰማያዊ ቃል ከአባትዎ ወረቀት በምን ይሻላል? ሊንኩ ቢጠፋም ራሱን የሚችል ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ «ገላባት፣ ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ» ብለን ማለፍ እንችላለን። ስድስት ቃል ብቻ ይጨምራል፤ አባትዎም ጣታቸውን አያደክሙም።