ሥራው ይለወጥ ወይስ ሶፍትዌሩ?

የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ሊድል እ.ኤ.አ. በ2011 የዕቃ ቁጥጥሩን ኤስኤፒ በተባለው ኩባንያ ሶፍትዌር ሊያዘምን ተነሣ። በ2018 ፕሮጀክቱን ዘግቶ ወደ አሮጌው ሥርዓት ተመለሰ። በመሀል 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መውጣቱን የአገሩ ጋዜጦች ዘግበዋል።

የችግሩ ዋና መነሻ ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል። ሊድል ያለውን ዕቃ የሚተምነው በገዛበት ዋጋ ነው፤ የኤስኤፒ መደበኛ ሶፍትዌር ግን በሚሸጥበት ዋጋ ይተምናል። ሊድል አሠራሬን አልለውጥም ስላለ ሶፍትዌሩ በልኩ እንዲቀየር ተወሰነ። አንዱ ለውጥ ሌላውን እየጠራ ሥራው ተንዛዛ፣ ወጪውም ናረ። ሁለቱም አተማመኖች በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ነገር ግን ዝግጁ ሶፍትዌር የሚገዛ ድርጅት የሻጩንም አሠራር አብሮ ይገዛል፤ ይህን የሚቀበል መሆን አለመሆኑን መወሰን ያለበት ደግሞ ውሉን ሳይፈርም ነው።

ቴክኖሎጂን ከንግድ ስትራቴጂ ጋር ማጣጣም በአስተዳደር ጥናት ራሱን የቻለ መስክ ከሆነ ቆይቷል። ጆን ሄንደርሰንና ቬንካትራማን በ1993 በአይቢኤም ሲስተምስ ጆርናል ያወጡት ሞዴል ዛሬም ይጠቀሳል። ሞዴሉ አራት የማጣጣሚያ መንገዶችን ያሳያል። ሁለቱ ከንግድ ስትራቴጂ ይነሣሉ፣ የተቀሩት ሁለቱ ግን ከቴክኖሎጂው። እነዚህን የኋለኞቹን ብዙ ሥራ አስኪያጅ ይዘነጋቸዋል፤ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ የአይቲ ክፍሉን ጠርቶ «አስፈጽሙ» ይላል።

የኬንያው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ የተገላቢጦሹን ያሳያል። መጀመሪያ የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በሞባይል እንዲከፍሉበት ነበር። በሙከራው ወቅት ግን ሰዎቹ ገንዘብ ይላላኩበት ጀመር። የአገልግሎቱ ባለቤት ሳፋሪኮም ይህን አይቶ የብድሩን ሐሳብ ወደ ጎን በመተው በ2007 አገልግሎቱን የገንዘብ መላኪያ አድርጎ ከፈተ። የአየር ሰዓት ይሸጥ የነበረ ኩባንያ እንዲህ ወደ ፋይናንስ ገባ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የራሱን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብርን ሲጀምር መንገዱ ተጠርጎ ነው የጠበቀው።

ስትራቴጂው ቢስማማ እንኳ ወቅቱ ላይስማማ ይችላል። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ አዲሱን የኮምፒውተር ሥርዓቱን በ1999 የከፈተው ለሃሎዊን በዓል የሚመጣው ትእዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን ነበር። ከረሜላው በመጋዘን እያለ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ትእዛዝ ማድረስ ሳይችል ቀረ።

ጂን ሮስና ፒተር ዌይል በ2002 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ ለአይቲ ባለሙያዎች መተው የሌለባቸውን ስድስት ውሳኔዎች ዘርዝረዋል። ምን ያህል ገንዘብ ይውጣ፣ የትኛው የሥራ ዘርፍ ይቅደም የሚሉት ከነዚህ መካከል ናቸው። የመጨረሻው ፕሮጀክቱ ቢከሽፍ ማን ይጠየቅ የሚል ነው። እነሱ ተጠያቂነቱን የሰጡት ከንግዱ ወገን ለሚመደብ ኃላፊ ነው። ብዙ ኩባንያ ውስጥ ግን ዛሬም የሚባረረው የአይቲ ኃላፊው ነው።