ሚያዝያ 27፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ታሪክ

አንድ ሽማግሌ «ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በመድኃኔ ዓለም ዕለት ነው» ብለው ቢነግሯችሁ እውነታቸውን ነው። «የለም፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት የገቡት ከስደት የተመለሱት ንጉሥ ናቸው» የሚሉም አልተሳሳቱም። መድኃኔ ዓለም ግን በየወሩ በ27 ይውላል። ወሩ ይጨመርበት ብንል ደግሞ ሁለቱም ነገር የሆነው በሚያዝያ ነው። ታዲያ በምን እንለያቸው? በዓመተ ምሕረቱ ነዋ! ደብዳቤም ሆነ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ስትጽፉ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን አንድ ላይ ጻፉ የምንለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ጦራችን ማይጨው ላይ ተዋግቶ አልቀናውም፤ ጠላት አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነበረው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማዋ ጠባቂ አጥታ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በሦስተኛው ቀን የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ በተነሳ የካሚዮን ሰልፍ አዲስ አበባ ገባ። ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ሮማ ላይ ሰገነት ወጥቶ ጦርነቱ አለቀ ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ።

አላለቀም። በሸዋ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ ጦር ይዘው ዱር ገቡ። ገበሬው ከጎተራው እየቀነሰ ስንቅ አቀበለ፣ መንገድ መራ፣ ወሬ አመላለሰ፤ ሲደረስበትም ቤቱ ተቃጠለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሕዝብ በሦስት ቀን ውስጥ ተጨፈጨፈ። ስማቸው መጽሐፍ ውስጥ ያልገባ አርበኞች ስማቸው ከገባው ይበዛሉ። እነሱን የሚያውቃቸው የየአገሩ ሰው ነው።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ያኔ እንግሊዝም አርበኛውን መርዳት ጠቀማት። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገብተው ባንዲራ ሰቀሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በእንጦጦ አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። ጠላት ከገባ ልክ አምስት ዓመት፤ ዕለቱ ግን ሰኞ።

ቀኑ አንድ ሆኖ ማክሰኞ የነበረው እንዴት ሰኞ ሆነ ትሉ ይሆናል። በጣት ይቆጠራል። 365ን ለ7 ብታካፍሉ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደፊት ይገፋል። በአምስት ዓመት 5 ሆነ ማለት ነው። 1931 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜ 6 ቀን ሆና አንድ ጨመረች፤ 6 ሆነ። እስቲ ከማክሰኞ ማግስት ጀምራችሁ ስድስት ቁጠሩ፤ ሰኞ ላይ ታርፋላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከጠላት እጅ የወጣችው ሚያዝያ 27 አይደለም። ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ገብቶባት ነበር። ንጉሡም በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ይኸውላችሁ ሌላ ግጥጥሞሽ። ከዚያ የእንግሊዝ አዛዦች በከተማው ላሉት ኢጣሊያውያን ሰላማዊ ሰዎች ያሰጋል እያሉ አንድ ወር ያህል አዘገዩዋቸው። በዚህ የተነሳ የድል ቀን የትኛው ነው የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። በደርግ ዘመን በዓሉ መጋቢት 28 ይከበር ነበር፤ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። እኔን ከጠየቃችሁ ሁለቱንም ማወቅ አይከብድም።

ለጎንደር ሰው ደግሞ ሁለቱም አይደሉም። እዚያ የነበረው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።