የተጠረጠረ ልጅ ከጣቢያ በፊት ዳኛ ፊት ይቅረብ

በራያ ዋጃ ገበያ ላይ አንድ የ13 ዓመት ልጅ የሰው ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ እንበል። ሰው ይከበዋል፣ አንዱ በጥፊ ይለዋል፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይወሰዳል። ብዙ ወላጅ ከዚህ ወዲያ የሚያውቀው የአዋቂን መንገድ ነው፤ ልጁ ጣቢያ ያድራል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ከዚያ ችሎት ይቀርባል። ሕጉ ግን ለእንዲህ ያለው ልጅ የተለየ መንገድ ካበጀ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ፖሊስም ሆነ ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅም ሆነ ተበዳይ ልጁን ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል። ምርመራው እንዴት መካሄድ እንዳለበት ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠው ዳኛው ነው። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለእናት ለአባቱ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ ዘመድ ከሌለው በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ ኃላፊነት የሚወስድ የታመነ ሰው ይረከበዋል። ነገሩም በዳኛው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ብዙ ሰው በሌለበት ይታያል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለት ወይም ክሱ ከባድ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለታል።

ይህ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ጠባዩ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ኑሮው ወላጆቹንና መምህራኑን መጠየቅ ይችላል። ከዚያ ሊገሥጸው፣ በትርፍ ጊዜው ከትምህርት ቤት ወይም ከቤት እንዳይወጣ ሊወስንበት፣ በቅርብ ክትትል እንዲማር ለታመነ ሰው ሊሰጠው፣ ከታመመም ወደ ሕክምና ሊልከው ይችላል። እስራት የሚመጣው ጥፋቱ በጣም ከባድ ሲሆንና ሌላው ሁሉ ሳይበጅ ሲቀር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለልጆች የተለዩ ችሎቶችና በፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች ተቋቁመዋል፤ ልደታ ያለው የጠባይ ማረሚያ ተቋምም ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ዋጃ ከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። እኔ ግን ርቀቱ ለቸልተኝነት ምክንያት መሆን የለበትም እላለሁ። ልጁን ሳያሳድሩ ዳኛ ፊት ማቅረብ፣ እናቱን አጠገቡ ማስቀመጥ፣ በሚገባው ቋንቋ ረጋ ብሎ መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ደጋግሞ ባለፈበት፣ ልጆች ከትምህርት በራቁበት የራያ ቆላ ደግሞ ምን አደረግህ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ምን በላህ፣ ከማን ጋር ትኖራለህ፣ ለምን ትምህርት አቆምክ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

አንዱ ትልቅ እንቅፋት ዕድሜ ነው። ልጅ ትልቅ መስሎ ለመታየት 14 ሆኖ ሳለ «16 ዓመቴ ነው» ይላል፤ መዝጋቢውም ያንኑ ይጽፋል። በዚያች አንዲት ቁጥር መንገዱ ሁሉ ይለወጣል። ስለዚህ ወላጅ ወደ ጣቢያ ሲሮጥ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከሌለው የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት ሰነድ ይዞ ይሂድ። ምንም ከሌለ ዕድሜው በሐኪም እንዲገመት ይጠይቅ።

የራያ ሽማግሌዎችም ድርሻ አላቸው። ስልኩ ተመልሶ ወይም ተክሶ ሁለቱ ቤተሰብ ቢታረቁ ልጁ መንደሩ ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን አባት ይናገራል፣ ሽማግሌ ይመልሳል፣ ልጁ መሬት መሬት እያየ ይቀመጣል። እሱም ይጠየቅ፤ ያጠፋውን በራሱ አፍ ይናገር፣ ያላደረገውንም አላደረግሁም ይበል።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ከዚህ ልዩ ሥርዓት ውጪ ቀርተዋል፤ በመደበኛው ሕግ ይዳኛሉ፣ ፍርድ ቤቱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል። ይህ ክፍተት መደፈን አለበት፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ልጅ ይለዋልና። እስከዚያው የ16 ዓመት ልጁ የተያዘበት ወላጅ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ «ልጄን ከአዋቂዎቹ ለዩልኝ» ማለት ይችላል።